ሞተሩን ብቻ የሚያሰማው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥናችንን ልሸጠው ካሰብኩ ከርሜያለሁ፤ አልታዘዝ ያለኝ እግሬ ነው። ልጄ ነስራ ከአዳማ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። «እማዬ፣ ያንን ሣጥን አሁንም አላወጣሽውም?» ትለኛለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ብርቱካናማ ሻሼን አልብሼው ጥግ ላይ እንዳለ፣ ከሰዓት ከሰዓት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሻሼን ሳይ እንደምውል ጎረቤት ነግሯታል። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ብቻውን ቢሆን እንኳ ብቻውን መሆኑን የሚያወራለት አያጣም። «ሽጪውና ነይ፣ እኔ ጋ ትልቅ ስክሪን አለ፣ የፈለግሽውን ታያለሽ» ትለኛለች። ልጄ ክፉ አላለችም። ግን እሷ የምታውቀው ቴሌቪዥን የሚታይ ነገር ነው፤ የኛ ቤቱ የሚነገር ነበር። እሱን መሸጥ ማለት እኔና ባሌ ቃድሬ ቁጭ ብለን ስናወራ የኖርንበትን ቦታ መሸጥ ነው። ቤቱን ብሸጥ ይሻለኛል አልኳት አንድ ቀን።

ያም ሆኖ ባለፈው ወር አንድ እሁድ ቆረጥኩ። ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩን፣ ድምፁ የሚወጣበትን የድሮ ዴክ ከነሁለት ስፒከሩ ባጃጅ ላይ አስጫንኩና ታይዋን ገበያ ወረድኩ። ታይዋን የሚባለው ከባሕር ማዶ የመጣ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ነው፤ እኔ ልጅ እያለሁ አልነበረም፣ አሁን ግን ድሬ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የቀትሩ ሃሩር በርዶ ሱቆች ዳግም የሚከፈቱበት አስር ሰዓት ገደማ ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚገዛው አብዲ የሚባል የሱማሌ ልጅ፣ ሰላሳዎቹ ውስጥ ያለ ጎልማሳ፣ ገና ሽርጡን እያጠበቀ መዝጊያውን ሲከፍት ደረስኩ። ዕቃዬን ሲያይ ፈገግ አለ።

«ኤዶ» አለኝ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ «ይሄን ወላሂ ሙዚየም ነው የሚገዛሽ።»

«ይሠራል እኮ።»

«ይሠራል። እኔም አያቴ አሉ፣ ይሠራሉ። ግን ማን ይገዛቸዋል?»

ሳቅሁበት። ቀልዱን ሲጨርስ የራሱን የዲሽ ገመድ ከሪሲቨሩ አገናኝቶ ሁሉንም ሶኬት ላይ ሰካ። ቴሌቪዥኑ መሞቅ ሲጀምር ከጀርባው የተቃጠለ አቧራ ሽታ መጣ። ሽታው ሌላ ሰው ቢሸተው አቧራ ነው። ለኔ ግን እሁድ አስር ሰዓት ነበር፤ የጎምዛዛው የሮቃ ፍሬ ጭማቂ በረዶ ተጨምሮበት፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ተሰቅሎ፣ ቃድሬ ትራሱን ተደግፎ «ጀመሩ እንዴ?» ሲል። ሪሲቨሩ የሚነሳው መጨረሻ የተዘጋበትን ቻናል ይዞ ነው። እናም ሥዕሉ ሲገለጥ እነዚያው ዝቅ ዝቅ ያሉ የውድድር መኪናዎች በረድፍ ሲከንፉ አየሁ። ከስፒከሮቹ የወጣው ድምፅ የሞተር ብቻ ነበር።

አብዲ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። «ኤዶ፣ ድምፁ ታሟል። የሚያስተላልፈው ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው።»

«አልታመመም» አልኩት። «እንደዚያ ነው።»

እንደዚያ የሆነው እንዴት እንደሆነ ለአብዲ ቆሜ ልነግረው አልቻልኩም። እዚህ ልጻፈው።

ቃድሬን ሳገባው የታክሲ ሹፌር ነበር። ያኔ የድሬዳዋ ታክሲ ማለት ፔጆ ነው። ዛሬ ባጃጁ እንደ ንብ በሚርመሰመስበት በከዚራ ሰፈር፣ ያኔ በዛፎቹ ጥላ ስር ፔጆዎች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሹፌሮቹ በቢጫ ጨርቅ መስታወት እየወለወሉ፣ ከአንዱ መኪና ዑድ ከሌላው የሐረርጌ ዘፈን እየተሰማ፣ ካሴቱ ሲጠመጠምባቸው በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ። ከከዚራ መጋላ ድረስ ስሙኒ ነበር የሚከፈለው፤ ለቆንጆ ስሙኒውንም የሚተዉ ነበሩ። እኔን ግን ቃድሬ ስሙኒዬን ተቀብሎኛል፤ ይሄን እስክንሸብት አልተውኩለትም። የቀፊራ ገበያ በር ላይ ነበር ያሳፈረኝ፤ እኔ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ስስ ቢጫ ድሪያ ቀሚስ ለብሼ፣ እሱ ናይለን ሸሚዝ፣ ከጉልበቱ በታች መጋረጃ የሚያህል ሱሪ። «መልስ የለኝም፣ ነገም ስትሳፈሪ ይታሰብልሻል» አለኝ። የሰጠሁት ልክ ስሙኒ መሆኑን ያስታወስኩት ከወረድኩ በኋላ ነው።

ከተማ ውስጥ መንዳት አይወድም ነበር። የሚወደው የሐረሩን መንገድ፣ የደንገጎን ዳገት ነው። የድሬን ሰው ስለ ደንገጎ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን፣ ከተማችን ሞቃት ሜዳ ላይ ተቀምጣ መንገዱ ከደቡብ በኩል ድንገት ተነስቶ እየተጠማዘዘ ተራራ ይወጣል። አንዱን ኩርባ ስትጨርስ ሌላው ራስህ ላይ ተሰቅሎ ታየዋለህ። ታች እያላበህ ገብተህ አናቱ ላይ ስትደርስ ሹራብ ትፈልጋለህ። ቃድሬ ኩርባዎቹን እንደ ልጆቹ በስም ይጠራቸዋል። «አማቷ» የሚላት አለች፣ ሳታስበው ስለምትመጣ። «ሸክላ» የሚላት አለች፣ በገርነት ካልተያዘች ስለማትምር። ሲወጣ ማርሽ እንዴት እንደሚለውጥ፣ ሲወርድ ፍሬን ሳያቃጥል በሞተር እንዴት እንደሚይዝ እራት ላይ በእጁ እያሳየ ያወራኛል። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ በኋላም ከነስራ ጎን ቁጭ ብዬ ከደብተሯ ላይ። መንገድን ግን ከቃድሬ እጅ ላይ ተምሬዋለሁ። መሪ ጨብጬ አላውቅም፤ ደንገጎን ግን ጨፍኜ እወጣዋለሁ።

ከዚያ ስኳር ያዘው። ስኳር ሰውን ከየት በኩል እንደሚበላው አይታወቅም፤ የኔን ሰው ከዓይኑ ጀመረ። መጀመሪያ ማታ ማታ መንዳት ተወ፣ ከዚያ ደንገጎን ተወ፣ ከዚያ ፔጆዋን ሸጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት ብርሃን የለም። መቼም ሰው ታሞ ያኮርፋል፤ ቃድሬ ግን አላኮረፈም፣ ጠፋ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጓደኞቹ ሲመጡ «ተኝቷል በያቸው» ይለኛል። መድኃኒቱን ሳቀርብለት «ለምኔ?» ይላል። በዚያ ሰሞን በጆሮዬ ነበር የማድረው፣ ትንፋሹን እየሰማሁ። እንዲህ ከቀጠለ ዓመቱን እንደማይደፍን ሐኪሙም እኔም እናውቅ ነበር፤ እሱም ያወቀ ይመስለኛል።

ነስራ ሥራ እንደያዘች ዲሽ አስተከለችልን። አባቴን ያጫውተዋል ብላ ነበር፤ የተጫወትኩበት ግን እኔ ነኝ፣ በዓረብ ተከታታይ ድራማ። ዓረብኛዬ የቁርአን ቤትና የገበያ ነው፤ ለፍቅርና ለጥል ይበቃል። አንድ እሁድ ድራማዬን ፍለጋ ቻናል ስቀያይር የሆነ ነገር እዬዬ እያለ አለፈ።

«እሱን መልሺው» አለ ቃድሬ። ከቀናት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

«ምኑን?»

«ሞተሩን።»

መለስኩለት። ተነስቶ ተቀመጠ። ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። «ማርሽ ቀነሰ» አለ ቀስ ብሎ። «እንደገና ቀነሰ። ኩርባ ነው። ሃሊሜ፣ ምን ይታያል?»

«መኪና።»

«መኪና መሆኑንማ ሰማሁ። እንዴት ያለ?»

«ቀይ።»

«መንገዱስ?»

«መንገድ ነዋ። አስፋልት።»

«አቦ ሃሊማ፣ እንዲህ ተርከሽልኝ እኮ ልሳፈርበት ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ስሰማ እጄ ውስጥ ያለውን ሪሞት ጣልኩት። ከዚያ ማየት ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ ከዚያች ደቂቃ በፊት አይቼ አላውቅም። መኪናው ወደ ግራ ታጠፈ፣ መንገዱ ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ ተሰበረ። እንዴት ብዬ ልንገረው? «ቃድሬ፣ ከአማቷ ወጥተህ ወደ ሸክላ ስትገባ እንዳለው ነው» አልኩት። ምንጣፉ ላይ የተዘረጋ ቀኝ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ፍሬን ረገጠ። ያንን እግር ሳይ ይሄ ሰውዬ ገና እንደማይሄድ አወቅሁ።

በሚቀጥለው እሁድ መድኃኒቱን ከውድድሩ በፊት ዋጠ። እኔም አላቀበልኩም፣ ራሱ ጠየቀኝ።

እንዲህ ሆኖ ኮሜንታተር ሆንኩ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሹፌሮቹ ስም በላቲን ነው የሚጻፈው፤ እኔ አንብቤ ሳልጨርስ መኪናው አልፏል። ስለዚህ ስም አወጣሁላቸው። ሁልጊዜ ነጭ በነጭ የሆነውን ሙሽራው አልኩት፤ አነዳዱም እንደ ሙሽራ ነው፣ ልብሱ እንዳይቆሽሽበት የሚፈራ። ቀዩን በርበሬው አልኩት። ሁለት ሰዎች በተጣሉ ቁጥር መሃላቸው የማይታጣውን ሽማግሌው አልኩት፣ ሃያ ዓመትም የሞላው አይመስልም። የውድድር ቦታውን ሁሉ ድሬዳዋ ላይ አምጥቼ አነጠፍኩት። ቀጥ ያለው ጎዳና ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የሚነሳው የከዚራ መንገድ ነው። ድልድይ ካለ ደቻቱ ነው። ጎማ የሚቀይሩበት ለገሃሬ ጋራዦቹ ናቸው። ዳገትና ኩርባ ከመጣ ደንገጎ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ባሕር ዳር የሚወዳደሩበት ጊዜ ብቻ ተቸገርን፤ ባሕሩን ምን እንበለው ስንል ቃድሬ «ዝለዪው፣ ማንም አይነዳበት» አለ።

እሱ ደግሞ አሠሪዬ ነበር፣ ያውም ጨካኝ አሠሪ። «ሮጠ፣ ሮጠ» ስል፣ «መሮጡን ሰማሁ፤ የምሰማውን አትንገሪኝ» ይለኛል። ሞተሩ ሲነግረው እኔ ዝም ማለት አለብኝ፤ ሞተሩ የማያውቀውን ስደርስ መናገር አለብኝ። በርበሬው ጭንቅላቱን ወደ መስታወቱ ስንቴ እንደሚያዞር ሞተር አይናገርም። የሙሽራው ጎማ ጠርዙ እንደተላጠ ሞተር አይናገርም። «ገና ነው ወይስ አለቀ?» የሚለው ነገር ላይ ብዙ ተጣልተናል። እኔ የሚሆነውን ቀድሜ መናገር እወድ ነበር፤ ሴት ልጅ ድራማ ስታይ መጨረሻውን እንደምትገምተው። እሱ ደግሞ «ሃሊሜ፣ እኔም መንገዱ ላይ ነኝ፤ ካልደረስኩበት ኩርባ አትጥሪኝ» ይለኛል። አንድ ጥያቄ ነበረው፣ በየውድድሩ የማትቀር፤ ሁለተኛው አንደኛውን መጠጋት ሲጀምር «ይደርስበታል?» ይላል። እኔም «ቆይ፣ ደንገጎን ይውጣና እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። ሌላም ጥያቄ ነበረው፣ ሌላ ሰው ሲጠይቀው ሰምቼ የማላውቀው። «የመጨረሻውስ?» ይላል። ሁሉም ሰው ስለ ፊተኞቹ ሲጮህ እሱ ጅራት ላይ የቀረውን ይፈልጋል። ለካ ደንገጎ ላይ ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ከበላይ ከቀደመው ይልቅ ከኋላ ያልደረሰው ነው የሚያሳስበው፤ ሞተሩ ፈልቶ መንገድ ዳር የቆመው። ስለዚህ የመጨረሻውን መኪና ሁልጊዜ እፈልግለት ነበር። ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ከታች ከሚያልፈው ጽሑፍ ቁጥሩን ለይቼ «አለ፣ እየመጣ ነው» እለዋለሁ። ይበቃዋል።

ያስቸግረን የነበረው የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ነው፤ የዓረቡ። ያለ ዕረፍት ይጮሃል። ቃድሬ ሞተሩን መስማት ሲፈልግ እሱ ይገባበታል፣ እኔ ልናገር ስል እሱ ይቀድመኛል። ድምፁን ብንቀንስ ሞተሩም አብሮ ይቀንሳል። «ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ለሚያይ ሰው ነው» ይል ነበር ቃድሬ፤ «የሚያይ ሰው ደግሞ ምን ወሬ ያስፈልገዋል?» አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴኩን አቃጠለው። መጋላ ያለ ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ ሠርቶ መለሰልኝ። እሁድ ስንከፍተው የሰውየው ድምፅ የለም። ሞተሩ አለ፣ የሕዝቡ ጩኸት አለ፣ ሰውየው ብቻ ከግድግዳ ኋላ እንዳለ ሆኖ ያንሾካሹካል። ጠጋኙ የስፒከሮቹን ገመድ አዛንፎ ነው ያሰረው። ኋላ እንደነገረኝ፣ ከሁለቱም ስፒከር እኩል የሚወጣ ድምፅ ገመዱ ሲዛነፍ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሰውየው ድምፅ መሃል ላይ ስለሆነ ጠፋ፣ መኪናው ከግራ መጥቶ ወደ ቀኝ ስለሚያልፍ ቀረ። ይቅርታ ጠይቆ ሊያስተካክለው ቤታችን ድረስ መጣ። ቃድሬ ዴኩን በሁለት እጁ አቅፎ «እንዳትነካው» አለው። «ሰውየውን አባረርክልኝ፤ ጀነት ግባ።»

ከዚያ በኋላ እኔና ሞተሩ ብቻ ቀረን። ያ ዘመን ጥሩ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ፣ ከባቡር በጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛቸው እስከ ዛሬ ጡረታ ያልወጣ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አረፍ ብለው ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ገጠር፣ ዋሂል፣ ዘመድ ሞቶብኝ ሄጄ ስመለስ የመኪናው ውድድር ሊያልቅ ነው፤ በረንዳው ላይ ስደርስ ሥራዬን ጋሽ ታደሰ ይዘውታል።

«አሌ፣ አሌ፣ ቀደመው! በርበሬው ሙሽራውን ቀደመው!»

«ታዴ» አለ ቃድሬ።

«አቤት።»

«አልቀደመውም።»

«እኔ ነኝ የማየው ወይስ አንተ?»

«አንተ ነህ። ግን የቀደመ ሰው ነዳጁን አይለቅም። ይሄ ፍሬን ይዟል።»

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሊቀድመው እኮ ምንም አልቀረውም ነበር።»

«እና እሱን ንገረኛ። ምንም ያልቀረውን። ከመቅደሙ እሱ አይጥምም?»

እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄን ስቆጣጠር፣ ቃድሬ የጫማዬን ድምፅ ሰምቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔ ከዋሂል ተመለሰ» አለ። ጋሽ ታደሰ ቦታ ለቀቁልኝ። «ይሄ ሰውዬ ያያል ሃሊማ፣ እያሾፈብን ነው» አሉኝ።

ዛሬ ወጣቶቹ በስልክ የሚያስተላልፉትን ኳስና ውድድር አንዳንዴ እሰማለሁ። በአማርኛም አለ፣ በኦሮምኛም አለ፣ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ይጮሃሉ። መጮሁን አልጠላም፤ ወጣት ደስ ሲለው ይጮሃል። ግን አንዳንዴ ለማን ነው የምትነግሩት ልላቸው ይቃጣኛል። ለአገር ሁሉ የሚናገር ሰው ለማንም አይደርስም። እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነበር። ያንን ሰው የት ኩርባ ላይ ትንፋሹን እንደሚይዝ አውቅ ነበር።

እየቆየ ጥያቄው ቀነሰ። ስኳሩ ወደ ኩላሊቱ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ «ይደርስበታል?» ቀረች። እኔ ግን ጠይቀኸኛል ብዬ እመልስለት ነበር። «የመጨረሻውስ?» ብቻ ትንሽ ቆየች፣ በሹክሹክታ። ከዚያ አንድ እሁድ ውድድሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ነገርኩት፤ ነቅቶ ነበር፣ እጁ እጄ ውስጥ ነበር፣ ምንም አልጠየቀኝም። የዚያን ሳምንት ሆስፒታል ገባ። አልተመለሰም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ከፍቼው ነበር። ማንም አልነበረም፤ ጋሽ ታደሰም አርጅተው ልጃቸው ወስዷቸዋል። ሞተሩ ጮኸ። «ሙሽራው ተነሳ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከዚራን ጨረሰ፣ ደቻቱን...» አፌ ቆመ። ቀጥሎ የማወራው አጥቼ አልነበረም፤ ሁሉም ፊቴ ላይ ነበር። የሚጠይቀኝ ነው ያጣሁት። ያን ሁሉ ዘመን ነጋሪ ያደረገኝ ዓይኔ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ የእሱ ጥያቄ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሞተሩ ብቻ ሲያለቅስ ሰማሁትና ዘጋሁት። ሻሼን አለበስኩት።

እንግዲህ ታይዋን፣ አብዲ ሱቅ ውስጥ፣ ሻሹ ወልቆለት የቆመው ይሄ ቴሌቪዥን ነው።

«አልታመመም ብትይም ታሟል» አለኝ አብዲ። ዴኩን ገልብጦ ከጀርባው አየ። «ኦ፣ ገመዱ ነው። ይሄን ያሰረው ሰው ሰክሮ ነበር። ቆይ።»

ተው ልለው ይገባኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፣ እሱ ግን ቀደመኝ። በትንሽ መፍቻ ሁለት ብሎን ፈታ፣ ገመዶቹን አዟዟረ፣ አሰረ። ሰውየውም ከግድግዳው ኋላ ወጣ።

ያው የድሮው ይሁን ሌላ አላውቅም። የጎረነነ፣ ዕድሜ የጠገበ ድምፅ ነው። እኔ የማስታውሰው ጩኸት አልነበረም፤ ወይ እሱም እንደኛ አርጅቷል። ጥቂት ተናገረ፤ መኪናዎቹ ኩርባው ውስጥ ሲገቡ ግን ዝም አለ። ሞተሩን ለቀቀልን። ያንን ዝምታ አወቅሁት፤ ቃድሬ ስንት እሁድ ሲያስተምረኝ የኖረው ነው። ከኩርባው ሲወጡ ሁለተኛው አንደኛውን ተጠግቶታል። ሰውየውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዓረብኛው ጠየቀ፤ «ይደርስበት ይሆን?»

«አይደርስበትም» አልኩት። «ጎማውን ዳገቱ ላይ ጨርሶታል።»

አብዲ ዞር ብሎ አየኝ። «ኤዶ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ጠየቀ እኮ።»

«ጠየቀ። በዓረብኛ ጠየቀ፣ አንቺ በአማርኛ መለስሽለት። ሰምቶሻል ብለሽ ነው?»

ቴሌቪዥኑን አየን፣ ሁለታችንም ቆመን። ሁለተኛው መኪና ሁለት ዙር ታገለ፣ ከዚያ ጅራቱ መወዛወዝ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ቀረ። አብዲ በሱማሌኛ የሆነ ነገር ለራሱ አለ። «እንዴት አወቅሽ?» አለኝ ከዚያ።

«ደንገጎ ነዋ» አልኩት። እሱም የድሬ ልጅ ነው፣ ዝርዝር አልጠየቀኝም። ትንሽ ቆይቶ ሶኬቱን ሲነቅል «ታዲያ ይሄን ልትሸጪው ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«ነበር» አልኩት። ባጃጅ ጠራልኝና ራሱ ተሸክሞ ጫነልኝ።

ማታ ነስራ ደወለች። «ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩትም። አስጠገንኩት።»

«ምኑ ተበላሽቶ?»

«ሰውየው።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። ልጄ ሳቋንና እንባዋን የምታምታታው አባቷን መስላ ነው። «እማዬ፣ ብቻሽን እኮ ነሽ» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኳት። ውሸት አልነግራትም። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሮቃውን የምጨምቀው ለአንድ ብርጭቆ ነው፣ ትራሱ ላይ የሚደገፍ የለም። «አዳማ መጥቼ እከርማለሁ፣ ግን እሁድ እሁድ እመለሳለሁ» አልኳት። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሳቀች።

ትናንት እሁድ ነበር። እርጥቡን ፎጣ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፣ ሻሹን ገለጥኩ፣ በቃድሬ ቦታ አልተቀመጥኩም፣ በራሴ ቦታ ተቀመጥኩ። መኪናዎቹ ተነሱ። ሰውየው ይናገራል፣ ይናገራል፣ ኩርባ ላይ ዝም ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ምን ያህል እንደሚያሳየኝ ለማወቅ ነው፤ ቃድሬ ሲሰማኝ እንዴት እንደነበር ለማወቅም ነው። አብዛኛውን አየሁት። ስለ መጨረሻው መኪና ግን አንዴም ትንፍሽ አላለም፤ ዓይኔን ገልጬ ከታች ከጽሑፉ ላይ ፈልጌ አገኘሁትና «አለ፣ እየመጣ ነው» አልኩ። ድምፄ ክፍሉ ውስጥ ሲዞር ሰማሁት። ወደ ማብቂያው ላይ ሁለቱ ፊተኞች ተያያዙ። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገና ያችኑ ጥያቄውን ጠየቀ።

«ቆይ» አልኩት። «ደንገጎን ይውጣና እነግርሃለሁ።»